የደም ሥርዓት በጥንታዊት እስራኤልና በራያ ቆላ

በጥንታውያን እስራኤላውያን ዘንድ ሥርዓት የሰው ፈቃድ ያወጣው ሳይሆን ከእግዚአብሔር የተሰጠ ሆኖ ይቈጠር ነበር። በኦሪት ዘኍልቍ እንደምናነበው፥ በምድረ በዳ ሲሰፍሩ የመገናኛው ድንኳን በመካከል፥ ሌዋውያን በዙሪያው፥ ዐሥራ ሁለቱ ነገዶችም ሦስት ሦስት ሆነው በአራቱ ማዕዘን ይሰፍሩ ነበር። ዳሩ ግን የአንድ ሕዝብ ሥርዓት ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው ደም በፈሰሰ ጊዜ ነው። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ የእስራኤልን የደም ሥርዓት በዋጃና በቆቦ አካባቢ ካለው ጋር እናስተያያለን።

በእስራኤል ደም መላሹ የሟች የቅርብ ዘመድ ነበር። ኦሪት ይህን ልማድ ፈጽማ አልሻረችም፤ ልጓም አበጀችለት እንጂ። ለሌዋውያን ከተሰጡት 48 ከተሞች 6ቱ መማፀኛ ሆኑ፤ እነርሱም ከዮርዳኖስ በስተ ምዕራብ ቃዴስ፥ ሴኬምና ኬብሮን፥ በስተ ምሥራቅ ቦሶር፥ ራሞትና ጎላን ናቸው። ነፍሰ ገዳዩ ወደ አንዲቱ ሸሽቶ ነገሩን በከተማዪቱ በር ለሽማግሌዎች ይናገራል፤ ኋላም በማኅበሩ ፊት ይዳኛል። ሳያውቅ መግደሉ ከተረጋገጠ ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት በዚያ ይቀመጣል። ዐውቆ ለገደለ ግን የነፍስ ካሳ አይቀበሉለትም። የፈሰሰው ደም የእግዚአብሔር ማደሪያ የሆነችውን ምድር ስለሚያረክስ፥ ነገሩ የሁለት ቤተ ዘመድ ብቻ አልነበረም።

በራያም ምድሪቱ የራሷን ግዴታ ታመጣለች። ዋጃ በቆቦና በአላማጣ መካከል፥ ከተራራው ግርጌ በተዘረጋው ሜዳ ላይ ትገኛለች። የዚህ ሜዳ ገበሬ ማሽላውንና ጤፉን በዝናብ ብቻ አያበቅልም፤ ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ በአፈርና በቅርንጫፍ ከትሮ ወደ ማሳው ይመልሳል። ጎርፍ ቀጠሮ የለውም፤ በመጣበት ሰዓት ብዙ እጅ ይፈልጋል። ደም የተቃቡ ወገኖች ደግሞ በአንድ ቦይ አብረው ሊቆሙ አይችሉም። እንግዲህ ዘወልድ የሚባለው የሽማግሌዎች ሥርዓት ጥቅሙ ከዚህ ይታያል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚያከብሯቸው ሽማግሌዎች የሟችን ወገን ለምነው በቀሉን ያስታግሣሉ፤ ካሳውን ይቈርጣሉ፤ ሁለቱንም በመሐላ ያስታርቃሉ።

ሁለቱ ሥርዓቶች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ይኸውም በገዳይና በደም መላሽ መካከል ሦስተኛ ወገን ማቆማቸው ነው። ልዩነታቸው ግን ቀላል አይደለም። ኦሪት ዐውቆ የገደለውን በካሳ አታስመልጥም፤ ኦሪት ዘዳግምም እያንዳንዱ ስለ ራሱ ኃጢአት እንጂ አባት ስለ ልጁ፥ ልጅም ስለ አባቱ እንዳይገደል ያዝዛል። የዘመድ ካሳ ግን ሸክሙን ባልበደለው ወገን ላይም ይጥላል።

የመንግሥት ሕግ በዚህ ረገድ ለኦሪት ይቀርባል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ በእርሱ የተተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የሚቀጣው ጥፋተኛውን ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 በባህልና በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን በተከራካሪዎቹ ፈቃድ የተወው ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ነፍስ ግድያ የፍርድ ቤት ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ወህኒ ቤት ሰውየውን ይቀጣል እንጂ ወገንን ከወገን አያስታርቅም። እስራቱን ጨርሶ ሲመለስ የሟች ወንድም በዚያው ቦይ ላይ ይጠብቀዋል። ስለዚህ እንደ እኛ አስተያየት የሽማግሌዎች ሥራ የፍርድ ቤቱን ፍርድ የሚተካ ሳይሆን ፍርዱ የማይደርስበትን የሚፈጽም መሆን አለበት።