ኮምፒውተር ለመገጣጠም ዕቃ ስንመርጥ

ኮምፒውተር ራሳችን ለመገጣጠም ስናስብ አብዛኞቻችን አስቀድመን «የትኛው ፕሮሰሰር ፈጣን ነው?» እንላለን። ጎንደር ላይ ግን መቅደም ያለበት የመብራቱ ጉዳይ ነው።

የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው። አንዳንድ አሮጌ ፓወር ሰፕላዮች ከጀርባቸው 115 እና 230 የሚል ማዞሪያ አላቸው። ማዞሪያው 115 ላይ እንዳለ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ ይቃጠላል፤ ማዘርቦርዱንም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ከመሰካት በፊት ማየት ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣም ኃይሉ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ከገንዘባችን ለደህና ፓወር ሰፕላይና ለስታቢላይዘር እንመድብ። ስታቢላይዘር ግን መብራት ሲጠፋ አያቆየንም፤ የጀመርነውን የትምህርት ዕቅድ ለማስቀመጥ ጊዜ የሚሰጠን ዩፒኤስ ነው።

ሁለተኛው የዕቃዎቹ መስማማት ነው። ፕሮሰሰሩ ከማዘርቦርዱ ሶኬት ጋር መግጠም አለበት። የዲዲአር 4 ራም ዲዲአር 5 ማስገቢያ ውስጥ አይገባም። በግድ ልጫነው ቢሉ መስበር ነው።

ሦስተኛው ከፍታ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ በስሜን ደጋ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ያሉ መንደሮች አሉ። አየሩ ስስ ሲሆን ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ስለሚቀንስ ሳጥኑ ደህና ማራገቢያ ይኑረው። የተለመደው ተሽከርካሪ ሐርድ ዲስክ ማንበቢያው በስስ የአየር ንጣፍ ላይ ስለሚንሳፈፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመከረው እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። ነገ ደጋ ለሚመደብ መምህር ኤስኤስዲ ይሻላል።

እንግዲህ ሱቅ ከመግባታችን በፊት የየዕቃውን ዓይነት በወረቀት ጽፈን እናስተያይ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና።