ስለ ስደተኞች ሐኪሞችና ስለ ባላገሩ በሽተኛ

ከላሊበላ በስተሰሜን ምሥራቅ፥ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወገን በታላቅ ዋሻ ውስጥ የተሠራው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በእንጨትና በድንጋይ ሕንፃው የታወቀ ነው። ከሕንፃው በስተጀርባ ግን ተሳላሚውን ሁሉ የሚያስደንቅ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም በብዙ የሚቈጠር የሙታን ዐፅም ነው። ከነዚህም ብዙዎቹ ከግብፅና ከሌላም ሩቅ አገር ለመሳለም መጥተው በዚያው ያረፉ እንደ ሆኑ የአገሩ ትውፊት ይናገራል። በዚያ ዘመን ባዕድ ሰው ወደ ላስታ ይመጣ ነበር፤ ዛሬ መንገዱ ተገልብጦ የኢትዮጵያ ልጅ ባሕር ተሻግሮ የሰው አገር በሽተኛ ያስታምማል።

የአሜሪካ ሐኪም ቤት ያለ ስደተኛ ሥራውን ሊያከናውን አይችልም ቢባል የተጋነነ ነገር አይደለም። በዚያ አገር ከሚሠሩት ሐኪሞች ከአራቱ አንዱ ያህል የሕክምና ትምህርቱን የጨረሰው በውጭ አገር ነው። አረጋዊውንና ድውዩን በየቤቱ እየዞሩ ከሚያጥቡት፥ ከሚያለብሱትና ከሚያጐርሱት ሠራተኞች መካከል ደግሞ ከአሥሩ አራቱ ያህል በሌላ አገር የተወለዱ ናቸው። በዋሽንግተን ከተማና በአካባቢው በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይገኛሉ፤ አንዳንዱ በነርስነት፥ አንዳንዱ በረዳትነት፥ ሌላውም በአረጋውያን መጦሪያ ቤት በሌሊት ተረኛነት ያገለግላል። በመንገድ የወደቀውን ቍስለኛ ያነሣው ወገኑ ሳይሆን እንግዳው ሳምራዊ መሆኑን ወንጌልን የሚያነብ ሁሉ ያውቀዋል። ሳምራዊው በገዛ አገሩ አስታማሚ ያጣ በሽተኛ ትቶ እንደ ሆነ ግን ወንጌሉ አልተናገረም።

ኢትዮጵያዊ ሐኪም በሰው አገር ማገልገሉ የዛሬ ነገር አይደለም። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ባረፉ ጊዜ ገና ሕፃን ነበሩ። የእንግሊዝ መኰንን ወደ ህንድ ወስዶ አሳደጋቸው፤ በላሆር ሕክምና ተምረው በበርማ አገር ለእንግሊዝ መንግሥት አገለገሉ። ከዓድዋ ድል በኋላ ወደ ትውልድ አገራቸው ሲመጡ አያታቸው ከልጅነታቸው በቀረው ጠባሳ ዐወቋቸው ይባላል። የወሎው ተወላጅ ዶክተር መላኩ በያንም በዋሽንግተን በሚገኘው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው፥ የጣልያን ጦር በተነሣ ጊዜ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በኋላም በአሜሪካ ለኢትዮጵያ ነጻነት ሲደክሙ በ1932 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ዐረፉ። እነዚህ ሁለቱ ዕውቀታቸውን ከባዕድ አገር ቀስመው ለአገራቸው አመጡ። ዛሬ የሚሄዱት አብዛኞቹ ግን በኢትዮጵያ ሕዝብ ገንዘብ ተምረው የሚወጡ ናቸውና ነገሩ የተለየ ነው።

ከዚህም የሚከፋ አለ። በኢትዮጵያ ሐኪም የነበረ ሰው አሜሪካ ሲደርስ ፈተናዎችን ማለፍ፥ ከዚያም በዚያው አገር ሐኪም ቤት ተለማማጅ ሆኖ ዓመታት መቈየት ግድ ይሆንበታል። ይህን ለመፈጸም ጊዜና ገንዘብ ያጣው የበሽተኛ አልጋ ያነጥፋል፥ ወይም ታክሲ ይነዳል። በላስታ የሚያክመው ሰው ጠፍቶ፥ በአሜሪካም የሚያክመው ሰው አልተገኘም፤ ዕውቀቱ በሁለቱ አገሮች መካከል ባክኖ ቀረ ማለት ነው። የቴነሲ ግዛት በፈረንጅ አቆጣጠር በ2023 ባወጣው ሕግ በውጭ አገር ተምረው የሠሩ ሐኪሞች ልምምዱን እንደገና ሳይጀምሩ በጊዜያዊ ፈቃድ እንዲሠሩ መንገድ ከፍቷል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የሚከተለው ነው። ወደ አሜሪካ ለልምምድ በተለየ ቪዛ የገባ የውጭ ሐኪም ልምምዱን ሲፈጽም ሁለት ዓመት አገሩ ተመልሶ እንዲቈይ ሕጉ ያዝ ነበር። የሰሜን ዳኮታው ሴናተር ኬንት ኮንራድ ያቀረቡት፥ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1994 የወጣው ደንብ ግን ሐኪም በጐደለበት ስፍራ ሦስት ዓመት ለማገልገል ለሚዋዋል ሐኪም ይህ ግዴታ እንዲነሣለት ፈቀደ። የእያንዳንዱም ግዛት ቍጥር በኋላ በዓመት እስከ 30 ሐኪም ሆነ። ደንቡ ያስፈለገበት ምክንያት ግልጥ ነው፤ የአሜሪካ ተወላጅ ሐኪም በከተማ መቀመጥን ይመርጣልና የባላገሩ በሽተኛ ያለ ሐኪም ቀርቶ ነበር። እንዲህ ሲሆን የኢትዮጵያ ሐኪም ላስታን ትቶ የሄደው ወደ ሌላ ላስታ ሊሆን ይችላል። የሚለየው፥ የዚያኛው አገር መንግሥት ለባላገሩ አገልግሎት ዋጋ ቈርጦ ውል መዋዋሉ ነው።

ኢትዮጵያ በበኩሏ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ያሠማራቻቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ30,000 በላይ ሆነዋል። በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ክትባት ይሰጣሉ፥ ነፍሰ ጡርን ይመክራሉ፥ ስለ ንጽሕና ያስተምራሉ። በአካባቢው ቋንቋ የሚናገሩ፥ ከዚያው የተወለዱ ሴቶች ስለሆኑ ሥራቸው እጅግ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ምጥ የጠናባትን እናት በቀዶ ጥገና ሊያዋልዱ አይችሉም። ከይምርሐነ ክርስቶስ አካባቢ ያለች እንዲህ ያለች እናት ወደ ላሊበላ መውረድ አለባት፤ መኪና መንገድ ከማይደርስበት ጎጥ ደግሞ ጎረቤት በቃሬዛ ይሸከማታል። በዚያ ቀዶ ጥገና የሚያውቅ ሐኪም ካልተገኘ መንገዱ ወደ ወልድያ ይቀጥላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጅ አቆጣጠር በ2010 ባጸደቀው መመሪያ ባለጠጎቹ አገሮች የጤና ሠራተኛ ከጐደለባቸው አገሮች በዘመቻ እንዳይመለምሉ መክሯል። ምክር ግን ግዴታ አይደለም፤ ወጣቱም ሐኪም በራሱ ፈቃድ ሲሄድ በግድ ሊያስቀሩት አይገባም። ስለዚህ ጤናን የሚመሩ ሹማምንት ሊያስቡበት የሚገባው በደጋው ስፍራ ለሚያገለግል ሐኪም ስለሚሰጠው ነገር ነው፤ የሚቀመጥበት ቤት፥ ልጆቹ የሚማሩበት ትምህርት ቤት፥ ሦስት ዓመት ሲፈጽምም ለከፍተኛ ትምህርት ቅድሚያ፥ ይህም ሁሉ ገና ሳይሄድ በጽሑፍ ተዋውሎ።