ጊፍት ካርድ፦ ለሱቅ ያለ ወለድ የምንሰጠው ብድር

የምረቃና የሠርግ ሰሞን ሲመጣ በአሜሪካ የምንኖር ብዙዎቻችን ፖስታውን ትተን ጊፍት ካርድ ይዘን መሄድ ለምደናል። ይሁን፣ ዘመኑ ነው። ግን ጊፍት ካርድ ስንገዛ ገና ምንም ዕቃ አልገዛንም፤ ገንዘባችንን ለሱቁ አስቀድመን አበደርነው እንጂ። ያውም ያለ ወለድ። ታዲያ አበዳሪ የሆነ ሰው ቢያንስ ቅናሽ መፈለግ የለበትም?

በጣም የሚያከስረው የቪዛ ወይም የማስተርካርድ ምልክት ያለበት ካርድ ነው። የ100 ዶላሩን ስትገዙ ማስጀመሪያ እየተባለ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ዶላር ይጨመርበታል። 100 ዶላር ለመስጠት 106 ዶላር መክፈል ማለት ነው! ተቀባዩም መጨረሻ ላይ የምትቀረውን 2 ወይም 3 ዶላር የሚያውልበት ያጣና ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ይረሳል። (ቀሪዋን አማዞን ሒሳብ ላይ መጫን ይቻላል፤ ብዙ ሰው ግን አያደርገውም።) ለዚህ ለዚህማ ፖስታው ይሻላል። ጥሬ ገንዘብ ተሰጠኝ ብሎ የተቀየመ ተመራቂ አላየሁም።

የአንድ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ካርድ ግን ላወቀበት ያተርፋል። ኮስትኮ የምግብ ቤትና የሲኒማ ካርዶችን ከተጻፈባቸው ዋጋ በታች ይሸጣል፤ የ100 ዶላሩ በ80 ዶላር ገደማ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ክሮገር ደግሞ ጊፍት ካርድ ለሚገዙ ደንበኞቹ የቤንዚን ነጥብ አባዝቶ የሚሰጥባቸው ጊዜያት አሉ፤ ኡበር ለሚነዱ ወገኖቻችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደግሞስ ካርድ ለስጦታ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? መቼም ለማትቀሩበት ሱቅ ካርዱን በቅናሽ ለራሳችሁ ግዙ፤ ሱቁ ራሱ ዋጋ ሲቀንስ በሱ ክፈሉ። ሁለቱ ቅናሾች ይደራረባሉ። የማትረግጡትን ሱቅ ካርድ «ረከሰ» ብሎ መግዛት ግን ቁጠባ አይባልም።

ሕጉስ ምን ይላል? ከ2010 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የፌዴራል ሕግ መሠረት ካርዱ ላይ ያለው ገንዘብ ቢያንስ 5 ዓመት አይቃጠልም፤ አልተጠቀማችሁበትም ተብሎ ክፍያ የሚቆረጠውም ካርዱ 12 ወር ሙሉ ሳይነካ ሲቀር ብቻ ነው። በገና ሰሞን «የ50 ዶላር ለገዛ የ10 ዶላር ምርቃት» ሲባል ግን ምርቃቱን ይህ ሕግ አይጠብቀውም። በጥቂት ሳምንታት ሊያበቃ ይችላልና ጀርባውን አንብቡ። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደግሞ ካርዱ ላይ ጥቂት ዶላር ብቻ ከቀረ በጥሬው መልሱልኝ ማለት መብታችሁ ነው። ካሸሩ ላያውቀው ይችላል፤ ማናጀር አስጠሩ።

ተበዳሪው ሲከስር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቤድ ባዝ ኤንድ ቢዮንድ በኤፕሪል 2023 መክሰሩን ለፍርድ ቤት ሲያመለክት ጊፍት ካርድ የሚቀበለው እስከ ሜይ 8 ብቻ ነበር። ሁለት ሳምንት! ከዚያ ወዲያ ካርዱን የያዘ ሰው ሱቁ ውስጥ ምንም ሊገዛበት አልቻለም። 5 ዓመት አለኝ ብሎ ካርድ ቦርሳ ውስጥ ማስረጀት አያዋጣም የምለው ለዚህ ነው።

ስትገዙም የምስጢር ቁጥሩ መሸፈኛ አለመፋቁን እዩ፤ ሌቦች ቁጥሩን ገልብጠው ካርዱን መደርደሪያው ላይ ይመልሱትና ገንዘብ ሲገባበት ቀድመው ያነሱታል። ደረሰኙን ገንዘቡ እስኪያልቅ አትጣሉት። ካርዱ ለስጦታ ከሆነ ደረሰኙንም አብራችሁ ስጡ፤ ነውር የለውም።