ጌሙ 86 ነጥብ አግኝቷል? በየትኛው ማሽን?

ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2020) ሳይበርፐንክ 2077 የተባለ ጌም ወጣ። ብዙ ዓመት ሲጠበቅ የነበረ ጌም ነው። ሜታክሪቲክ የሚባለው ነጥብ ሰብሳቢ ድረ ገጽ ላይ የኮምፒውተሩ ቅጂ ከ100 86 አገኘ። አሪፍ ነጥብ ነው። ያው ጌም፣ በዚያው ስም፣ ፒኤስ 4 ላይ ግን 57 ሆነ። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ከገዛው በኋላ ማሽኑ ይንተፋተፋል፣ ጌሙ መሃል ላይ ይዘጋል፣ የገጸ ባሕርያቱ ፊት ሳይሞላ ይቀራል። ሶኒ ሳምንት ገደማ ቆይቶ ጌሙን ከራሱ መደብር አወረደው፤ ለገዙትም ገንዘባቸውን ልመልስ አለ።

ታዲያ ገዢው ቀድሞ እንዴት አላወቀም? ካልን፣ ጌሙ ከመውጣቱ በፊት ኩባንያው ለገምጋሚዎች የሰጠው የኮምፒውተሩን ቅጂ ብቻ ስለነበር ነው። የራሳቸውን ቪዲዮ ቀርጸው እንዲያሳዩም አልተፈቀደላቸውም፤ ኩባንያው ያዘጋጀውን ብቻ ነበር የሚያሳዩት። ስለዚህ ጌሙ በወጣበት ቀን ሁሉም ሰው ያየው የኮምፒውተሩን ቅጂ ነጥብ ነው። 57ቱ የመጣው ሰው ከገዛ በኋላ ነው።

ይሄ የፈረንጅ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቆቦም፣ ወልድያም፣ አላማጣም ያለ ጌም ቤት የሚከፍተው ልጅ በየጊዜው የሚገጥመው ነገር ነው። ሦስት ሆነው ብር አዋጥተው፣ ወይ ከቤተሰብ ተበድረው ሁለተኛ እጅ ማሽን ይገዛሉ። አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አግዳሚ ወንበር፣ በቃ ሥራ ተጀመረ። ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቀመጣል። «የትኛውን ጌም እናስገባ?» ሲባል ስልክ ይወጣል፣ ነጥብ ይታያል፣ «ይሄ 80 ምናምን ነው» ይባላል። ያ ነጥብ የተሰጠው ግን ብዙ ጊዜ ለሌላ ማሽን፣ ሌላ ዓይነት አጨዋወት ላለው ሰው ነው።

መጀመሪያ ነጥቡ ከየት እንደሚመጣ እንይ። የጌም ኩባንያ ጌሙ ለሽያጭ ከመቅረቡ ቀናት ወይም ሳምንታት ቀድሞ ለገምጋሚዎች በነጻ ይልካል። «ከዚህ ቀንና ሰዓት በፊት እንዳታወጡ» የሚል ቀነ ገደብም አብሮ ይመጣል። ገምጋሚው ቤቱ ወይ ቢሮው ይዞ ይቀመጣል፣ ይጫወታል፣ ይጽፋል፣ መጨረሻ ላይ ቁጥር ያስቀምጣል። አይጂኤን ከ10 ይሰጣል። የጃፓኑ ፋሚትሱ አራት ገምጋሚ አስቀምጦ እያንዳንዱ ከ10 እንዲሰጥ ያደርግና ከ40 ይደምራል። ሌላው ኮከብ ይሰጣል። የእንግሊዙ ዩሮጌመር ደግሞ በ2015 እ.ኤ.አ. ቁጥር ሰለቸኝ ብሎ ተወው፤ ከዓመታት በኋላ በኮከብ ተመለሰ። ሰው ቁጥር ይወዳል፣ ምን ይደረግ።

ሜታክሪቲክ ይሄን ሁሉ ሰብስቦ ወደ 100 ይቀይረዋል። አምስት ኮከብ 100 ይሆናል፣ አራት ኮከብ 80። ከዚያ አማካዩን ያወጣል፤ ግን ተራ አማካይ አይደለም። ለአንዳንዱ ድረ ገጽ የበለጠ ክብደት ይሰጣል፣ ለማን ስንት እንደሚሰጥ ግን አይናገርም። ከ75 በላይ አረንጓዴ፣ ከ50 እስከ 74 ቢጫ፣ ከዚያ በታች ቀይ። ነጥቡ እንዲወጣ ቢያንስ አራት ግምገማ ያስፈልጋል። ስለዚህ እንደ «ኩኩሉ» ያለ፣ የቀኔ ጌምስ ልጆች የሠሩት የኛ አገር የስልክ ጌም ቁጥር ባይኖረው መጥፎ ነው ማለት አይደለም። የሚገመግሙት አራት ጋዜጠኞች ካልተገኙ ቁጥር የለም።

ቁጥሩ ቀልድ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ሰው እንጀራ የሚያጣበት ቁጥር ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣውን ፎልአውት ኒው ቬጋስን የሠራው ኦብሲዲያን የተባለ ስቱዲዮ፣ ጌሙ ሜታክሪቲክ ላይ 85 ካገኘ ተጨማሪ ክፍያ ይሰጠው ነበር። 84 አገኘ። በአንድ ነጥብ ጉርሻው ቀረ። ይሄንን በ2012 እ.ኤ.አ. በትዊተር የተናገረው ከስቱዲዮው መሥራቾች አንዱ ክሪስ አቬሎን ነው።

አሁን ወደ ኳሱ እንምጣ፤ ጌም ቤት ውስጥ ገንዘብ የሚያስገባው እሱ ነዋ።

ፊፋ 17 በ2016 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ገምጋሚዎች በጣም ያወሩለት ሁለት ነገር ነበር። አንዱ ፍሮስትባይት የተባለው አዲሱ የጌሙ ሞተር፣ ሌላው አሌክስ ሀንተር የሚባለውን ወጣት ተጫዋች ሕይወት ይዞ የሚሄደው የታሪክ ክፍል። ሁለቱም ፒኤስ 3 ላይ አልነበሩም። ሽፋኑ ያው፣ ስሙ ያው፣ ውስጡ ሌላ። ፊፋ 18 እና ፊፋ 19 ደግሞ ለፒኤስ 3 የወጡት «ሌጋሲ ኤዲሽን» በሚል ስም ነው። ስሙ ያምራል፤ ትርጉሙ ግን «የድሮው ጌም፣ አዲስ ማሊያና አዲስ ስም ዝርዝር» ነው። ይሄን የምለው እኔ አይደለሁም፣ ኢኤ ራሱ አዲስ የአጨዋወት ለውጥ እንደሌለው ገልጾ ነው የሸጠው። በዚያው ዓመት ስለ ፊፋ 18 የተጻፈው ምስጋና፣ ስለ ሩጫው፣ ስለ ክሮሱ፣ ስለ ደጋፊው ድምፅ፣ ሁሉ ስለ ፒኤስ 4 ነው። ጌም ቤታችሁ ፒኤስ 3 ከሆነ ያ ግምገማ ስለናንተ አያወራም።

አይጂኤን አንዴ በዚህ ጉዳይ ጥሩ ነገር ሠርቷል፣ እኔ በጣም ነው ያሳቀኝ። ኢኤ በኒንቴንዶ ስዊች ላይም ሌጋሲ ኤዲሽን እያለ በየዓመቱ ያንኑ ጌም ሲያወጣ፣ አይጂኤን ለፊፋ 20 ከ10 2 ሰጠ። ፊፋ 21 ሲመጣም ያንኑ ያለፈውን ዓመት ግምገማ መልሶ አወጣውና እንደገና 2 ሰጠው። ጌሙ ካልተቀየረ ጽሑፉ ለምን ይቀየር?

ሁለተኛው ችግር ገምጋሚው የሚጫወተው ነገር ነው። ዛሬ የኢኤን የኳስ ጌም የሚገመግም ሰው ብዙ ቦታ የሚሰጠው ለአልቲሜት ቲም ነው። ካርድ እየከፈትክ፣ ከፈለግክም በእውነተኛ ገንዘብ እየገዛህ ቡድን የምትሠራበት ክፍል። ጌሙን ሲወቅሱም ብዙ ጊዜ በሱ ነው፣ ሲያመሰግኑም እንደዚያው። እሱ ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም። በተቃራኒው ሁለት ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጦ ሪያልና ሲቲ ይዞ የሚጋጠምበት ተራ ግጥሚያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። የኛ ሙሉ ሥራ ግን እሷ አንድ ዓረፍተ ነገር ናት።

ስለዚህ ጌም ቤት የሚፈልገውን እናንሳ። ግጥሚያው ቶሎ ይጀምራል ወይስ ሁለት ደቂቃ እያሽከረከረ ያስጠብቃል? ወረፋ ላለው ቤት ይሄ ገንዘብ ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ማሽኑ ያስቀመጠው ነገር ይበላሻል? ጀማሪ ልጅ ከለመደው ጋር ሲጫወት 9 ለ 0 ተሸንፎ ሁለተኛ አይመለስም ወይስ ትንሽ ይቋቋማል? ያለ ኢንተርኔት ሙሉ በሙሉ ይሠራል? እነዚህን የሚጠይቅ የውጭ ገምጋሚ አላጋጠመኝም።

የኢንተርኔቱን ነገር ትንሽ ልቆይበት። ዛሬ ዲስክ ላይ ያለው ጌም ብዙ ጊዜ ያላለቀ ጌም ነው። የወጣ ዕለት አፕዴት ይመጣል፣ አንዳንዱ በርካታ ጊጋ ባይት ነው፤ ገምጋሚውም ነጥቡን የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ያንን ጭኖ ነው። እኛ አካባቢ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያም በፊት በጦርነቱ ጊዜ መብራቱም ስልኩም አልነበረም። እንዲህ ባለ ቦታ ዲስክ የገዛ ሰው የሚጫወተው ያላለቀውን ቅጂ ነው። ጌም «የሚያስጭን» ቤት ሄዶ በሃርድ ዲስክ ያስሞላ ደግሞ ማሽኑ የተከፈተ ስለሆነ ከኩባንያው ኔትወርክ ጋር ሲገናኝ ሊታገድ ይችላል፣ አፕዴቱም አይደርሰውም።

ደግሞ ኔትወርክ ቢኖርም በሩ ሁሉ ክፍት አይደለም። የሶኒ ፕሌይስቴሽን ኔትወርክ ኢትዮጵያን በአገርነት አልመዘገበም፤ አካውንት የሚከፍት ሰው ሌላ አገር መርጦ ነው የሚከፍተው። ይሄ ነገር በሚያዝያ 2016 ዓለም አቀፍ ጫጫታ ሆኖ ነበር። ሶኒ ሄልዳይቨርስ 2ን በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሁሉ የፕሌይስቴሽን አካውንት እንዲያያይዙ አዘዘ፤ ኔትወርኩ በማይሠራባቸው ከ170 በላይ አገራትና ግዛቶችም ጌሙ ስቲም ከሚባለው መደብር ወረደ። ተጫዋቾች በጥቂት ቀን ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ አሉታዊ ግምገማ ጻፉ። ሶኒ ትዕዛዙን አነሳ።

እንዲህ ያለውን ዘመቻ «ሪቪው ቦምቢንግ» ይሉታል። በሄልዳይቨርስ ጊዜ ምክንያት ነበረው፤ ሁልጊዜ ግን እንደዚያ አይደለም። ሰኔ 2012 ላይ ዘ ላስት ኦቭ አስ ክፍል ሁለት ሲወጣ ገምጋሚዎች 93 ሰጡት። የተጠቃሚው ነጥብ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከ10 4 እንኳን አልሞላም። ጌሙን ለመጨረስ 25 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል፣ ሺዎቹ ዜሮ የተሰጡት ግን በወጣ በሰዓታት ውስጥ ነበር። ብዙው ሰው ሳይጫወት፣ በሾለከ ታሪክ ተናዶ ነው የጻፈው። ሜታክሪቲክ ከዚያ በኋላ ተጠቃሚ ነጥብ መስጠት የሚችለው ጌሙ ከወጣ 36 ሰዓት ቆይቶ ነው አለ።

የሁለቱ ወገን ነጥብ የሚስማማበት ጊዜም አለ፣ ያኔ በደንብ ስሙት። ፔስን የምናውቀው ሁላችን ነን። ኮናሚ በ2021 እ.ኤ.አ. ስሙን ኢፉትቦል ብሎ በነጻ ሲያወጣው፣ የተጫዋቾቹ ፊት የተጣመመ፣ ኳሱ የማይታዘዝ ነገር ሆነ። ወዲያው ስቲም ላይ በጣም ዝቅተኛ ግምገማ ካላቸው ጌሞች ተርታ ገባ፤ ገምጋሚዎችም አላዘኑለትም። ኮናሚ በማግስቱ ይቅርታ ጠየቀ። ብዙ ጌም ቤት የድሮውን ፔስ 2013 አዲስ ስም ዝርዝር እየጫነ ለምን እንደቆየ አሁን ይገባችኋል።

እሺ፣ ስልካችሁን ይዛችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ሜታክሪቲክ ላይ ስትገቡ መጀመሪያ የሚመጣውን ትልቁን ቁጥር እለፉት። ከጌሙ ስም ሥር የማሽን ምርጫ አለ፤ የናንተን ማሽን ምረጡ። እዚያ ቁጥር ከሌለ ያ ራሱ መልስ ነው፤ በቂ ሰው አልገመገመውም ማለት ነው። ከዚያ ግምገማው የወጣበትን ቀን እዩ፣ ጌሙ ከመውጣቱ በፊት ከሆነ ገምጋሚው የተጫወተበትን ማሽን ጽሑፉ ውስጥ ፈልጉ። ዜሮውንና 10ሩን ትታችሁ 5 እና 6 የሰጡትን አንብቡ፤ ምን እንደወደዱና ምን እንዳስጠላቸው የሚዘረዝሩት እነሱ ናቸው። ዳታ የምትቆጥቡ ከሆነ ዩቲዩብን በ144 ከፍታችሁ የጌሙን ስም ከማሽናችሁ ስም ጋር ጻፉ። ምስሉ ቢደበዝዝም ጌሙ እየተንተፋተፈ እንደሆነ በደንብ ይታያል።

ይሄን አሁን የማነሳው ፒኤስ 3 ላይ የሆነው ነገር ፒኤስ 4 ላይ ስለጀመረ ነው። ኢኤ የፊፋን ስም ትቶ በመስከረም 2016 ኤፍሲ 24ን ሲያወጣ በጣም ያስተዋወቀው ሃይፐርሞሽን ቪ የተባለውን የእንቅስቃሴ ቴክኖሎጂ ነበር። ከኮንሶል የደረሰው ለፒኤስ 5 እና ለአዲሶቹ ኤክስቦክስ ብቻ ነው። የፒኤስ 4ቱ ዲስክ ግን ያንኑ ስም ይዞ ነው የተሸጠው፣ ኤፍሲ 26ም ለፒኤስ 4 ወጥቷል። ገና ከአዲስ አበባ ወይ ከደሴ አዲስ ኤፍሲ ልታስመጡ ብር እያዋጣችሁ ከሆነ፣ ሻጩም «ሁለቱም ያው ነው» ካላችሁ፣ ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት ኢንተርኔቱን አጥፍቶ ሁለት ጆይስቲክ ይሰካና አንድ ግጥሚያ ያጫውታችሁ።