የአዳማ አድራሻ ትናንትና ዛሬ

አዳማ ከተማ ስፍራዋን ሳትለቅ አድራሻዋ ደጋግሞ ተለውጧል። በንጉሡ ዘመን ናዝሬት ተብላ፣ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የይረርና ከረዩ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። በደርግ ጊዜ ጠቅላይ ግዛቱ ክፍለ ሀገር ተባለ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን ሲያቋቁም፣ ቀበሌና የቤት ቁጥር የነዋሪው መለያ ሆኑ። በ1980 ዓ.ም. ሸዋ ተከፋፍሎ ከተማዋ በምሥራቅ ሸዋ ተካተተች። ከ1984 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ክልል፣ ዞንና ወረዳ የሚሉት እርከኖች መጡ። በ1992 ዓ.ም. አዳማ የሚለው ስም በይፋ ተመለሰ፤ ደብረ ዘይት ቢሾፍቱ፣ ዝዋይም ባቱ ተብለዋል።

ፖስታው ግን በሌላ መንገድ ይሄዳል። በ1886 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ፖስታ በዋናነት የሚያደርሰው ለፖስታ ሳጥን ነው። በኤንቨሎፑ ላይ የተቀባዩ ስም፣ «ፖ.ሣ.ቁ.» ከነቁጥሩና የከተማው ስም ይጻፋል። ባለሳጥኑ ፖስታ ቤት ሄዶ በቁልፉ ከፍቶ ደብዳቤውን ይወስዳል። ስለዚህ አውራጃው ቢፈርስ ወይም የቀበሌው ቁጥር ቢቀየር ደብዳቤው መንገድ አይስትም።

በእንግሊዝም ሚድልሴክስ የተባለው ግዛት እ.ኤ.አ. በ1965 አስተዳደሩ ቢቀርም፣ ስሙ በፖስታ አድራሻ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆይቷል።

መታወቂያ፣ የቤት ካርታና የልደት ምስክር ወረቀት ግን በወጡበት ዘመን አስተዳደር ስም የተጻፉ ናቸው። የአንድ ቤተሰብ ሰነዶች አውራጃ፣ ከፍተኛ (ከቀበሌ በላይ የነበረ የከተማ እርከን)፣ ቀበሌና ወረዳ እያሉ ያንኑ አንድ ቤት ሊጠሩ ይችላሉ። የቀድሞውን አጠራር ከአዲሱ ጋር የሚያገናኝ መዝገብ በጥንቃቄ መያዝ ያለበት ለዚህ ነው።