የማይደመሩ ቁጥሮች

የፕሮግራሚንግ መማሪያ መጻሕፍት ዳታ ታይፕን ብዙውን ጊዜ በጥቂት ገጾች ይጨርሱታል። ሙሉ ቁጥር ኢንቲጀር ነው፤ ነጥብ ያለበት ፍሎት፤ ጽሑፍ ስትሪንግ፤ እውነት ወይም ሐሰት የሚለው ቡሊያን። ምሳሌዎቹም የታወቁ ናቸው፦ ዕድሜ 25፣ ዋጋ 19.99፣ ስም ጆን። በብቸናም በሞጣም የማስተምራቸው ጀማሪዎች ይህን ክፍል በቀላሉ ያልፉታል፤ ብጠይቃቸው አንድም አይስቱም። የሚቸገሩት የራሳቸውን ቀበሌ ዝርዝር ይዘው ሲቀመጡ ነው። የገበሬው ስም፣ የአባትና የአያት ስም፣ ስልክ፣ የመሬት ስፋት፣ የወሰደው ማዳበሪያ በኩንታል፣ የተመዘገበበት ቀን። በዚህ ዝርዝር ላይ መጽሐፉ የሰጣቸው ምሳሌ አንዱም አይረዳቸውም።

ሐምሌ 2016 የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ይፋ ከሆነ ወዲህ ሰርተፍኬት ይዘው የሚመጡ ተማሪዎችም አሉኝ። መምህራን አሉ፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች አሉ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚጠብቁ ልጆች አሉ። በዚህ በጣም ደስ ይለኛል። ሆኖም ሁሉም ማለት ይቻላል ስልክ ቁጥርን ኢንቲጀር ብለው ይጀምራሉ፤ በአሃዝ ስለተጻፈ ቁጥር ይመስላቸዋል።

ፓይተን እዚህ ላይ ደግ ነው። በ09 የሚጀምር ስልክ ያለ ትምህርተ ጥቅስ ስትጽፍለት ከፊቱ ዜሮ ያለው ሙሉ ቁጥር አልቀበልም ብሎ ይቆማል። ተማሪው ዜሮዋን ይሰርዛታል፣ ኤረሩ ይጠፋል፣ ፊቱ ይፈካል። ከኤረሩ ጋር የስልኩ አንድ አሃዝም አብሮ ሄዷል። ጃቫስክሪፕት ደግሞ በነባር አሠራሩ ይባስ አደገኛ ነው። በዜሮ የሚጀምረውን ቁጥር 8 ወይም 9 ካላገኘበት በስምንት ቤት ቆጠራ ያነበዋል፤ 010 ብትጽፍለት 8 ይላል። ሳፋሪኮም በ2015 ሥራ ሲጀምር በ07 የሚጀምሩ ስልኮች መጡ፤ ከእነዚህ ውስጥ 8 እና 9 የሌለበት ሁሉ አንድም ኤረር ሳያሳይ ሌላ ቁጥር ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል። ዝም ብሎ የሚሳሳት ፕሮግራም ጮሆ ከሚቆመው እጅግ ይከፋል፤ ጀማሪ ኤረርን እንዳይጠላ ደጋግሜ የምመክረው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከኮድ በፊት አንድ ጥያቄ አስቀድማለሁ። ሁለቱን ብትደምራቸው ትርጉም ይሰጣል? የሁለት ገበሬዎች ስልክ ቢደመር የማንም ስልክ አይሆንም። የሁለቱ ማዳበሪያ ቢደመር ግን መጋዘን ከገባው ላይ የሚቀነስ መጠን ነው። የመጀመሪያው ስትሪንግ፣ ሁለተኛው ቁጥር። በዚህ ጥያቄ የባንክ ሒሳብ ቁጥርም፣ የቤት ቁጥርም፣ የፋይዳ ቁጥርም ስትሪንግ ሆነው ይወጣሉ። ኤክሴል ላይ የሠራ ሰው ይህን ሳያውቀው አይቶታል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ባለ 13 አሃዝ ሒሳብ ሲጽፍ ኤክሴል ወደ ሳይንሳዊ አጻጻፍ ያሳጥርበታል። ባለ 16 አሃዙን የፋይዳ ካርድ ቁጥር ሲጽፍ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ ኤክሴል የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ስለሆነ የመጨረሻዋን ወደ ዜሮ ይቀይራታል። ሴሉን ጽሑፍ ብሎ ቀድሞ ማዘጋጀት ጥቂት ሰከንድ ይወስዳል። ቁጥሩ ከተበላሸ በኋላ ግን ያለው ማስተካከያ ባለካርዱን ፈልጎ እንደገና መጠየቅ ነው፤ ባለካርዱም ከከተማ ወጥቶ በእግር የሚደረስበት ቀበሌ ሊሆን ይችላል።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። ፓይተን ከኪቦርድ የሚገባውን ሁሉ በስትሪንግ ነው የሚቀበለው። 12 ኩንታልና 8 ኩንታል አስገብቶ ደምር ያለ ተማሪ 128 ያገኛል፤ ሁለቱ ጽሑፎች ጎን ለጎን ተቀጥለዋል። ይህን አንዴ ያየ አይረሳውም፣ ብዙም አልቆይበትም።

ገንዘብ ላይ ግን እቆያለሁ፤ ከሁሉ በፊት ሊሠሩት የሚፈልጉት የዕቁብ ወይም የዕድር ፕሮግራም ነውና። 0.1 እና 0.2 ደምር ስትለው ፓይተን 0.30000000000000004 ይላል። ልጆቹ ላፕቶፑ የተበላሸ ይመስላቸዋል። ኮምፒዩተር ፍሎትን የሚያስቀምጠው በግማሽ፣ በሩብ፣ በስምንተኛ እየከፈለ ነው፤ በዚህ አከፋፈል አንድ አሥረኛ መቼም አያልቅም። በእኛ አጻጻፍ አንድ ሦስተኛ 0.333 እያለ እንደማያልቀው ማለት ነው። ስለዚህ ከሳንቲሞቻችን 25 እና 50 በፍሎት ልክክ ብለው ይቀመጣሉ፤ 5 እና 10 ግን ከእውነተኛው ዋጋ በጥቂቱ ይርቃሉ። በአካባቢያችን ሩብ ሄክታር የሆነው ቃዳም ልክ ይቀመጣል፤ በመሣሪያ የተለካ 0.37 ሄክታር አይቀመጥም። ለመሬት ስፋት ይህች ልዩነት ምንም አይደለችም። ለዕዳ ግን ከባድ ናት፤ ፕሮግራሙ የተከፈለውንና የሚፈለገውን እኩል መሆናቸውን ሲያወዳድር ከፍሎ የጨረሰን ሰው ቀሪ አለብህ ሊለው ይችላል። እኔ የማስተምረው ገንዘብን በሳንቲም ቆጥሮ በኢንቲጀር እንዲያስቀምጡ ነው። 1,250 ብር ከ50 ሳንቲም 125050 ይሆናል፤ ብር የሚሆነው ስክሪን ላይ ሲታይ ብቻ ነው።

ስትሪንግ ራሱ በእኛ ፊደል ሌላ ገጽታ አለው። ሞጣ ሁለት ፊደል ነው፤ በዩቲኤፍ 8 ግን ስድስት ባይት ይይዛል። ብቸና ሦስት ፊደል፣ ዘጠኝ ባይት። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ ቀደም በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ የቢሮ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ የሚሆነው ማሽኑ ያስቀመጠው የላቲኑን ኮድ ስለነበር ነው። ዛሬም ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ የስሙን ዓምድ ቫርቻር ብሎ የከፈተ ተማሪ ስሞቹን በሙሉ በጥያቄ ምልክት ተተክተው ያገኛቸዋል። ኤንቫርቻር ብሎ መክፈት ነበረበት። የጠፋው ስም ከዳታቤዙ ተመልሶ አይገኝም። አጭር መልእክት በአማርኛ ለገበሬዎች መላክ የፈለገም በአንድ መልእክት 70 ፊደል ብቻ እንዳለው ማወቅ አለበት፤ በላቲን ፊደል 160 ነው።

ዲማ ጊዮርጊስ ከብቸና ብዙ አይርቅም፤ የአብነት ትምህርት ቤት አልፈው የመጡ ተማሪዎችም አሉኝ። ከእነሱ አንዱ «መምህር፣ ፭ን ቁጥር ብሎ ይቀበላል ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። በጣም የወደድኩት ጥያቄ ነው። ፓይተን ይህ አሃዝ ነው ወይ ሲባል አዎ ይላል፤ ወደ ኢንቲጀር ቀይር ሲባል ግን እምቢ ይላል። ዩኒኮድ ፭ን በአሃዝነት መዝግቦታል፤ የግዕዝ አቆጣጠር ግን ዜሮ የለውም፣ አሃዞቹም እንደ ቦታቸው ዋጋ አይለዋወጡም፤ ስለዚህ በአሥር ቤት ከሚነበቡት ጋር አልመደበውም። ያ ልጅ የግዕዝ ቁጥር የሚያነብ ፋንክሽን ራሱ ጽፎ አመጣ።

ሁለት ስትሪንጎች እኩል የሚሆኑት ፊደል በፊደል ሲገጥሙ ነው። ብቸና እና ቢቸና ለማሽኑ ሁለት ከተሞች ናቸው። የሁለት እጁ እነሴ ወረዳን ስም አንዱ መዝጋቢ አሟልቶ፣ ሌላው ሁ/እ/እነሴ ብሎ ቢጽፍ ሪፖርቱ ሁለት ወረዳ ይቆጥራል። የቦታ ስም ከተዘጋጀ ዝርዝር ይመረጥ እንጂ በእጅ አይጻፍ እላለሁ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ቀን ነው። የቀን ታይፕ የተሠራው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 30 ሁለተኛ ወር፣ ሠላሳኛ ቀን ስለሆነ ፌብሩዋሪ 30 የለም ብሎ ይመልሰዋል። ጳጉሜንንም 13ኛ ወር አላውቅም ብሎ ይመልሳታል። እነዚህ ቢያንስ ይጮኻሉ። መስከረም 12 ቀን 2010 ግን ጃንዋሪ 12 ተብሎ ያለ ምንም ቅሬታ ይገባል። ከዚያ ዕድሜ ሲሰላ በልጁ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨመራል፤ አንደኛ ክፍል መግባት ያለበት የሰባት ዓመት ሕፃን በዝርዝሩ ላይ የ14 ወይም የ15 ዓመት ጎረምሳ ይሆናል። ተማሪዎቼ ተጠቃሚው በኢትዮጵያ ቀን እንዲያስገባ፣ ፕሮግራሙ ቀይሮ በጎርጎርዮሳዊው እንዲያስቀምጥ፣ ሲያሳይ መልሶ በእኛ እንዲያሳይ አድርገው ይሠራሉ። መቀየሪያውን ራሳቸው እንዲጽፉ አደርጋለሁ፤ ጳጉሜን ስድስት የምትሆንበትን ዓመት ሳይረሱ።

የትውልድ ቀን ላይ ይህም አይበቃም። ብዙ አዛውንቶች ዓመቱን በግምት እንጂ ቀኑን አያውቁትም። ቅጹ ቀን ካልገባ አላልፍም ስለሚል መዝጋቢው መስከረም 1 ይሞላል፤ ዝርዝሩ ሲታይ የመንደሩ ሰው ግማሹ በዘመን መለወጫ የተወለደ ይመስላል። ባዶ መሆን የሚችል ቦታ ያስፈልጋል፤ ባዶ ደግሞ ዜሮ አይደለም። መሬቱ ያልተለካለት ገበሬና መሬት የሌለው ገበሬ በአንድ ዜሮ ከተጻፉ በኋላ የሚለያቸው የለም። ቡሊያንም እንዲሁ ነው። ስልክ አለው ወይ በሚለው ዓምድ «የለም» ብለህ በስትሪንግ ብታስቀምጥ ፓይተን እውነት ብሎ ያነበዋል፤ ባዶ ያልሆነ ጽሑፍ ሁሉ ለእሱ እውነት ነውና። ያልተጠየቀ ሰው ደግሞ አዎም የለምም አይደለም።

አሁን ለጀማሪዎች የምሰጠው የመጀመሪያ መልመጃ የትውልድ ቀን ነው። ዓመት፣ ወርና ቀን ሦስት የተለያዩ ኢንቲጀሮች ይሆናሉ፤ ወርና ቀን ባዶ መቅረት ይችላሉ። ከጎናቸው አራተኛ ዓምድ አለ፦ በማስረጃ ወይስ በግምት የሚል። «የ77 ድርቅ ጊዜ ልጅ ነበርኩ» ያሉ እናት ዓመታቸው በግምት ተብሎ ይጻፋል፣ ወርና ቀናቸው ባዶ ይቀመጣል፣ ፕሮግራሙም ይቀበላል።