የፀሐይ ነፋስና የምድር መግነጢሳዊ መስክ፦ ከግፊት ይልቅ አቅጣጫ

ከፀሐይ ያለማቋረጥ የሚፈሰው ፕላዝማ ምድር አካባቢ ሲደርስ እጅግ የሳሳ ነው፤ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ውስጥ የሚገኙት ፕሮቶኖች አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር አይበልጡም። ይሁን እንጂ በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ጥቂት ናኖፓስካል የሚሆን ግፊት ያሳድራል። የምድር መስክ ይህን ግፊት የሚመክትበት ወሰን ማግኔቶፓውዝ ይባላል። በፀሐይ ትይዩ በኩል ወሰኑ ከምድር ማእከል አሥር የምድር ሬዲየስ ያህል ይርቃል።

ይህ ወሰን በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። የምድር መስክ በርቀት ኩብ መጠን ይዳከማል፤ መግነጢሳዊ ግፊት ደግሞ ከመስኩ ስኩዌር ጋር ስለሚመጣጠን የሚቀንሰው በርቀቱ ስድስተኛ አርቢ ነው። ስለሆነም የነፋሱ ግፊት እጥፍ ቢሆን ማግኔቶፓውዝ ወደ ምድር የሚቀርበው 11 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ርቀቱን በግማሽ ለመቀነስ ግፊቱ 64 እጥፍ ማደግ ይኖርበታል። ሲድኒ ቻፕማንና ቪንሰንት ፌራሮ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የነደፉት ሥዕል በመሠረቱ እንዲህ ያለ ዝግ ምሽግ ነበር።

ምሽጉ ዝግ ከሆነ ግን ታላላቅ የመግነጢስ ማዕበሎች ኃይላቸውን ከየት ያገኛሉ? ጄምስ ደንጊ በ1961 የሰጠው መልስ ትኩረቱን ከግፊት ወደ አቅጣጫ አዞረው። የፀሐይ ነፋስ የራሱን መስክ ይዞ ይመጣል፤ መጠኑም በተለመደው ጊዜ አምስት ናኖቴስላ ገደማ ነው። በማግኔቶፓውዝ የፊት ገጽ የምድር መስክ ወደ ሰሜን ያመለክታል። የመጪው መስክ ወደ ደቡብ ባዘነበለ ጊዜ ሁለቱ ተቃራኒ ይሆናሉ፤ መስመሮቻቸው ተበጥሰው እርስ በርስ ይያያዛሉ። የተያያዙት መስመሮች በነፋሱ እየተጎተቱ በዋልታዎች ላይ አልፈው ወደ ሌሊቱ ወገን ይወሰዳሉ፣ በዚያም ኃይል ይከማቻል። ከፍተኛ ግፊት በብርቱ የሚታገለውን በር ደካማ መስክ አቅጣጫውን በመለወጥ ብቻ ይከፍተዋል። በመጋቢት 1989 (እ.ኤ.አ.) የካናዳዋ ኩቤክ ግዛት የኤሌክትሪክ መረብ በሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ የወደቀው በእንዲህ ያለ ማዕበል ነው።

የበሩ መከፈት ውጤት በዋልታዎች ብቻ ተወስኖ አይቀርም፤ ለአዲስ አበባ ተመራማሪ ጉዳዩ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። የነፋሱ ፍሰት በዋልታዎቹ አዮኖስፌር ላይ ከንጋት ወደ ምሽት ወገን የሚያመለክት የኤሌክትሪክ መስክ ይጭናል። በውስጠኛው ማግኔቶስፌር የሚከማቹ ቻርጆች ይህን መስክ ከዝቅተኛ ኬክሮሶች ይከልሉታል። ነገር ግን የመጪው መስክ በድንገት ወደ ደቡብ ሲዞር መከለያው ለመስተካከል ጊዜ ይፈልጋል። በዚያ ክፍተት የኤሌክትሪክ መስኩ እስከ ምድር ወገብ ዘልቆ ይገባል።

በመግነጢሳዊው ምድር ወገብ ላይ የመስክ መስመሮች አግድም ናቸው። በዚህ ምክንያት 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአዮኖስፌር አስተላላፊነት በጠባብ ቀበቶ ውስጥ እጅግ ይጨምራል፤ ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ የሚፈሰው ኤሌክትሮጄት የሚፈጠረውም በዚሁ ነው። ከዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት (እ.ኤ.አ. 1957–58) ጀምሮ የሚለካው የአዲስ አበባ ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ የሚገኘው በዚህ ቀበቶ ሥር ነው። በማዕበል ቀን እኩለ ቀን ላይ የሚመዘገበው አግድም መስክ እንግዲህ የሁለት ተቃራኒ ኃይሎች ድምር ይሆናል፦ ምድርን የሚከብበው የቀለበት ጅረት መስኩን ይቀንሰዋል፣ ዘልቆ የገባው የኤሌክትሪክ መስክ ደግሞ ኤሌክትሮጄቱን አበርትቶ ይጨምረዋል። ድምሩን ብቻ የሚያነብ ሰው ብርቱውን ማዕበል ደካማ አድርጎ ሊገምት ይችላል።

የተለመደው መፍትሔ ከቀበቶው ውጭ ያለ፣ በኬንትሮስ የተቀራረበ ጣቢያ ንባብ መቀነስ ነው፤ በኢትዮጵያ አዲግራት ለዚህ አገልግላለች። የቀለበት ጅረቱ በሁለቱም ቦታ ተቀራራቢ ስለሆነ ይሰረዛል፣ የኤሌክትሮጄቱ ድርሻ ይቀራል። ይህም ቢሆን ጥንቃቄ ያሻዋል። ዋልታዎቹ ሲሞቁ የሚነሣው የከፍታ ነፋስ ከሰዓታት በኋላ የራሱን የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጥራል፤ ቀን ላይም አቅጣጫው ወደ ምዕራብ ነው። ልዩነቱ ሁለቱንም በአንድነት ስለሚይዝ፣ ንባቡ መጪው መስክ ወደ ደቡብ ከዞረበት ደቂቃ ጋር ጎን ለጎን ካልተቀመጠ የትኛው የየትኛው እንደሆነ አይለይም።